የሐሙሱን የሴቶች ቦክስ ለዘጉልን ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የብራይትዌል ጂም ሥራ አስኪያጅ፤
ኤድመንተን፣ ለንደን

ክቡርነትዎ፣ በቅድሚያ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎን፣ ጉልበትዎን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዓይንዎን ደህና ያድርግልዎ እያልኩ፣ ከዚህ ወር በኋላ የሐሙስ ረፋዱ የሴቶች ቦክስ እንደማይኖር የሚገልጸውን ደብዳቤዎን በታላቅ አክብሮት ሦስት ጊዜ ማንበቤን እገልጻለሁ። አራተኛውን እንባዬ ከለከለኝ። በኢትዮጵያውያን ማኅበራችን ገጽ ላይ በአማርኛ የምጽፍልዎ፣ በእንግሊዝኛ የላክኋቸው አራት ኢሜሎች መልእክትዎ ደርሶናል ከሚል ምላሽ በላይ ስላላገኙ ነው። ልጄ ዝማሬ ትተረጉምልዎታለች፤ ሹል ሹሉን ቃል እንደምታስቀርብኝ ግን ከወዲሁ አውቃለሁ።

አንደኛ፣ ለደህንነታችን ስለተጨነቁ አመሰግናለሁ። ባለፈው ወር የላኩልን ተቆጣጣሪ ወጣት፣ ጌታ ይባርከው፣ በር ላይ ሩብ ሰዓት ያህል ቆሞ ካየን በኋላ፣ አንዷ በተመታች ቁጥር ሴቶቹ ሁሉ በጭንቀት ይጮኻሉ፣ መቺዋም ተመቺዋን ታቅፋለች፣ ስለዚህ በፈቃዳቸው መምጣታቸው ያጠራጥራል ብሎ ጽፏል። መጮኻችን እውነት ነው። እኛ ዘንድ ሰው ሲደናቀፍ እንኳ ያየ ሁሉ «እኔን!» ይላል፤ በአንቺ ፈንታ እኔን ያድርገው ማለታችን ነው፤ ሲመታማ የባሰ ነው። ጎረቤቴ አስያ የቡጢ ጓደኛዬ ናት። አገጬን ስትመታኝ ከእኔ ይልቅ የምትደነግጠው እሷ ናት፤ «እኔን አዲሴ፣ አመመሽ እንዴ?» ብላ ከነጓንቷ አንገቴ ላይ ትጠመጠማለች፣ ዳር ያሉትም በአንድ አፍ «እኔን!» ይላሉ። ከዚያ ትመለስና ደግማ ትመታኛለች። አሰልጣኛችን ቤንጃሚንም መጀመሪያ ግራ ገብቶት ነበር፤ ጠየቀን፣ ነገርነው፤ ዛሬ ከሁላችን ቀድሞ «እኔን» የሚለው እሱ ነው። መጠየቅም ይቻል ነበር ለማለት ያህል ነው።

ሁለተኛ፣ በእኛ ፈንታ ስለወሰኑልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። አሥራ አንድ ሴቶች ነን፤ ልጅ ያሳደግን፣ አውቶብስ የምንነዳም አለንበት። ሁለት ባቡር ቀይራ ከዌምብሊ የምትመጣው መቅዲ ተገዳ እንደምትመጣ የሰማችው ከእርስዎ ደብዳቤ ነው።

ሦስተኛው የእኔ የብቻዬ ነው። አንድ ሰው ፌርማታ ላይ ቦርሳዬን ነጥቆ መሬት ላይ ከጣለኝ በኋላ አሥራ አራት ወር ከቤት አልወጣሁም። ሥራዬን ተውኩ፤ ቤተ ክርስቲያኑም በስልክ ሆነ፤ በር ሲንኳኳ ሽንት ቤት ገብቼ እቆልፍ ነበር። እጄን ይዛ ወደ እርስዎ ጂም ያመጣችኝ አስያ ናት። ያንን የተንጠለጠለ የቡጢ ከረጢት መጀመሪያ የመታሁት ቀን፣ ያ ሁሉ ድምፅ ከእኔ ክንድ መውጣቱን ማመን አቅቶኝ ሳቅሁ፤ ክቡርነትዎ፣ በሃምሳ ሁለት ዓመቴ እንደ ልጅ ተንከትክቼ ሳቅሁ። አሁን አውቶብስ ብቻዬን እሳፈራለሁ፤ ግራ እጄም ክፉ ነው ይሉኛል። የደስታዬን ነገር ልዘርዝር ብል ይመሽብናል።

ግን ራሴን አውቃታለሁ። ሐሙስ ከሌለ አንድ ሳምንት እቀራለሁ፣ ሁለተኛውን እቀራለሁ፣ ከዚያ በሩን እቆልፋለሁ፤ በዚህኛው ጊዜ ማን እንደሚያስከፍተኝ አላውቅም። አስያም ሌላ ጂም ፈልጋ ቼክ አድርጋ ነበር፤ በቀን ለሴቶች የሚያስተምር አላገኘችም። ስለዚህ እባክዎ። ይህችን አንዲት ቃል ያለ ምንም አሽሙር ነው የጻፍኳት፤ ዝማሬም እንዳለች ትተርጉማት። ውሳኔውን ከማጽናትዎ በፊት አንድ ሐሙስ ራስዎ መጥተው ይጠይቁን።

ቤንጃሚን እንዳስተማረን ሁለቱንም እጆቼን ከአገጬ ሳላወርድ፣ ለወንበርዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ በታላቅ ትሕትና እጅ እነሳለሁ።

አክባሪዎ፣
አዲስዓለም ኃይለልዑል

ማሳሰቢያ፦ በቦክስ ትምህርቱ ምትክ ቤቴ ሆኜ እንድከታተለው የላኩልኝን የአተነፋፈስ ቪዲዮ በአክብሮት ተመልክቻለሁ። ሴትዮዋ ነጭ ክፍል ውስጥ፣ በሯን ዘግታ፣ ብቻዋን ትተነፍሳለች። ለዚህ አስተማሪ የሚፈልጉ ከሆነ ዛሬውኑ አፕላይ ላደርግ ዝግጁ ነኝ፤ የሥራ ልምዱ አለኝ።