አባትህን የተሸከመው ካፖርትህ

ልጄ ፊያክራ፣ በወጣህበት በገባህበት እመቤታችን አትለይህ። እኔ ደህና ነኝ፤ ግራጫዋ ላምም ወለደች።

አባትህን ሐሙስ ቀበርነው። ወረቀት ስለሌለህ ከቦስተን ከወጣህ መመለሻ የለህም፤ በመቅረትህ አልቀየምኩህም። ጓደኞችህ በዋዜማው ከደብሊን በአንድ መኪና ታጭቀው መጡና እንደ አገራችን ወግ ከሬሳው ጋር አደሩ። ካርታ ሲጫወቱ ለአባትህም አደሉት። ዴክላን «ሞተውም ማጭበርበር አልተዉም እኮ!» ሲል ሳቄ አመለጠኝ።

በማግስቱ ዝናብ ጣለ። ዴክላን ካፖርት ስላልያዘ ያንተን አለበስኩት። ሳጥኑን በትከሻቸው ሲያነሱ ራስጌውን፣ ያንተን ቦታ፣ እሱ ያዘልህ። ከኋላ ሳየው አንተ መሰልከኝና «ቀስ በል ልጄ፣ ያዳልጣል» አልኩ።

ዞር ሳይል «እሺ እማዬ» አለኝ።

ካፖርቱን ከነጭቃው ሰቅየዋለሁ። አምላክ በሰው አገር ይጠብቅህ። ስትደውል ግን፣ ምንም ባልጠይቅህም፣ «እሺ እማዬ» በለኝ።

እናትህ ኑላ