ኮፍያ ያላት ኻ

ሰኞ፣ ሰኔ 3
ዛሬ ብቻ በልደት መስኮቴ አራት ኻሊድ መዘገብኩ። አራት! ሁለቱ ከምሳ በፊት ተከታትለው መጡ። የኋለኛው አባት የፊተኛውን ሲሰማ ሳቀና «ሌላ ስም ጠፋ እንዴ?» አለ። የራሱን ግን አልቀየረም።

ከየት መጣ ይሄ ሁሉ? ኳስ ተጫዋቹ ነው ያመጣው ይላሉ። ያቺን ጎል ካገባ ወዲህ ወንድ የወለደ ሁሉ ኻሊድ… ትርጉሙን የሚጠይቅ አንድም የለም። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባል ነበር። ዘንድሮ ቴሌቪዥን ነው የሚያወጣው።

ቀኝ እግሬ አብጧል። ቀኑን ሙሉ መቀመጥ እንዲህ ያሳብጣል?

ማክሰኞ፣ ሰኔ 4
አለቃችን ጠራኝ። ሰኔ ሲያልቅ በዓመቱ ብዙ ሕፃናት የተሰየሙባቸው አሥር ስሞች ሰሌዳ ላይ ይለጠፋሉ አለ። ለአንደኛው ስም ትርጉሙና ምንጩ ይጻፍበታል። «እትዬ፣ ከእርስዎ ሌላ ማን ይችለዋል? ሃያ ስምንት ዓመት ስም ጽፈው!» ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነው። ስለ ልጄ ማን ይነግረዋል?

ቆጠርኩ። እስከ ዛሬ ኻሊድ ሠላሳ አራት፣ ካሊድ ሠላሳ አንድ።

«አንድ ስም አይደለም እንዴ? ይደምሯቸው» አለኝ።

«አይደመሩም። ኻሊድ ዓረብኛ ነው። የማያልፍ፣ ጸንቶ የሚኖር ማለት ነው። ካሊድ ግን ምንም ማለት አይደለም። ጸሐፊ ሲቸኩል የሚወልደው ስም ነው።»

«በአንዲት ጭረት?»

«በአንዲት ጭረት።»

ሳቀ። «እሺ፣ ለየብቻ ይቆጠሩ። ያሸነፈው ያሸንፍ።»

ልጄ ኻሊድ አንደኛ ክፍል ሳለ አስተማሪዋ ደብተሩ ሽፋን ላይ «ካሊድ» ብላ ጻፈችበት። እያለቀሰ ቤት ገባ። «እማ፣ ኮፍያዬን ወሰደችብኝ!» ኮፍያ መች ገዛሁለት ብዬ ግራ ገባኝ። ለካ የኻ አናት ላይ ያለችው ጭረት ናት። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ኻ ማለት ኮፍያ ያላት ካ ሆነች። በሄድኩበት ሁሉ አስተካክልለት ነበር፤ የክትባት ካርዱ ላይ፣ የፈተና ውጤቱ ላይ። የድሮ መዝገቦች ወደ ኮምፒውተር ሲገቡም የእሱን ማንም እንዲነካው አልፈቀድኩም። ራሴ ነኝ ያስገባሁት።

ሐሙስ፣ ሰኔ 6
ለማስታወቂያው ልጽፍ ተቀመጥኩ። «ምንጩ ዓረብኛ ነው። መኖር፣ መዝለቅ፣ አለመጥፋት ከሚል ግሥ የተገኘ…»

አለመጥፋት።

እስክሪብቶውን አስቀመጥኩት። በዚህ ወር ሰባት ዓመት ሞላው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ባሕር ተሻግሮ ሥራ ሊፈልግ ወጣ። ከወደቡ ደወለ። «እማ፣ ነገ እደውላለሁ» አለ። አብሮት የነበረው ጓደኛው ከዓመት በኋላ ሲደውል «ጀልባው ላይ አላየሁትም» አለኝ። አልተሳፈረም ማለት ነው? ወይስ በጨለማው ሳያየው ቀርቶ… ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ሰባት ዓመት አመነዥካታለሁ።

ስሙን ያወጣው አባቱ ነው። «የማያልፍ ማለት ነው» ብሎ፣ ደረቱን ነፍቶ። ልጁ በጠፋ በዓመቱ እሱም ቤቱን ትቶ ሄደ። «ፊትሽን ሳይ የማየው እሱን ነው» አለኝ። ታዲያ የእኔን ፊት ማን ያይልኝ?

ሰኞ፣ ሰኔ 10
ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣ። የልጄ አባት። ከአዲሷ ሚስቱና ከተጠቀለለ ሕፃን ጋር። የወረፋ ቁጥሩ እኔ ጋ ጣለው።

«የሕፃኑ ስም?» አልኩት፤ እንደ ማንም ሰው።

«ኻሊድ።»

«ምን አልክ?»

«ሰምተሻል።»

ሚስቱ መሬት መሬት ታያለች። ጻፍኩ… የልጅ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። ኮምፒውተሩ በቀይ መለሰው። የአንድ አባት ሁለት ልጆች በአንድ ስም አይመዘገቡም፣ አንደኛው ካልሞተ በቀር። ስክሪኑን አዞርኩለት።

«አይቻልም። ወንድሙ በሕይወት አለ።»

«የት አለ?»

«መዝገቡ ላይ» አልኩት።

«እንግዲያው እሱም ይስተካከላል። ሰባት ዓመት የጠፋ ሰው በአባቱ ማመልከቻና በሁለት ምስክር… ሕጉን የነገርሽኝ አንቺ ነሽ።» በእጁ ወደ ሞት መስኮት ጠቆመ። ከእኔ መስኮት ሁለት እርምጃ ነው። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። ይዋል እንግዲህ።»

«መቃብሩስ የታለ?» አልኩት። ሰልፈኛው ሁሉ ዞረ። ጮኼ ነበር ለካ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 11
የሞት መስኮቱን የሚይዘው ሰውዬ ለመጣው ሁሉ «ያጥናችሁ» ስለሚል ስሙ ያጥናችሁ ሆኖ ቀረ። ዛሬ ከምሳ በኋላ ወንበሩን ወደ እኔ ሳበ።

«እትዬ፣ ማመልከቻ አስገብቷል። የዛሬ ሳምንት ሐሙስ ምስክሮቹን ይዞ ይመጣል።»

«የእናት ፊርማ አያስፈልግም?»

«አባት ካመለከተ… አያስፈልግም።»

አውቀዋለሁ። ስንቷን እናት በዚሁ ቃል መልሻለሁ። ያኔ ሕጉ እንዲህ አይመርም ነበር።

«ልታመም እንዴ የዚያን ቀን?» አለኝ የዋሁ።

«ብትታመም ዓርብ ይመጣል።»

ዓርብ፣ ሰኔ 14
አዲሷ ሚስቱ ብቻዋን መጣች፣ ሕፃኑን ታቅፋ። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ልጄ ዛሬ ሃያ ስድስት ነው።

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። ስሙን እኔ አልፈለግሁትም። ያስፈራኛል። እሱ ግን እንቢ አለ… ጠዋት ጠዋት ግቢ ወጥቶ ይጣራል። የሞተውን… የጠፋውን ማለቴ ነው። ለምን ትጣራለህ ስለው፣ ‹አንድ ሰው አቤት ቢለኝ ምን አለበት?› ይለኛል።»

አንጀቴን በላችው። ልጠላው ተዘጋጅቼ ነበር እኮ! አሁንም እጠላዋለሁ። ግን እንደ ድሮው አይጥመኝም። እኔ ተጣርቼ አላውቅም። አቤት የሚል ከጠፋ በምን ልችለው?

ልትሄድ ስትል ዞረች። «ግን ትርጉሙ ምንድን ነው?»

በዚህ ዓመት የጠየቀችኝ እሷ ብቻ ናት። የተበላሸ ቅጽ ጀርባ ላይ ሁለቱንም ጻፍኩላት፣ ኻሊድ እና ካሊድ። የኮፍያውን ነገርም ነገርኳት። ሳቀች። ወዲያው ደግሞ ሳቋ አሳፈራትና ወጣች። ወረቀቱን ይዛው ሄደች።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 18
ሁለት ቀን ቀረ። እህል አልወርድልሽ አለኝ። እንዴት ነው የልጄን ሞት ሁለት እርምጃ ላይ ሆኜ ሲጻፍ የምሰማው? ያጥናችሁ ሲጽፍ ደግሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው የሚያነበው።

ሐሙስ፣ ሰኔ 20
ሦስት ሰዓት ላይ መጡ። አንደኛው ምስክር የልጄን ፀጉር ይቆርጥ የነበረው ፀጉር አስተካካይ ነው። ሲያየኝ አንገቱን ደፋ። ከያጥናችሁ መስኮት ፊት ያለው አግዳሚ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ።

«ና» አልኩት የልጄን አባት። «እስቲ አንዴ ደግሜ ልሞክረው።»

ጻፍኩ። ካ። ኮፍያ የሌላት። ኮምፒውተሩ አላንገራገረም። አተምኩ፣ ማህተም መታሁ፣ አቀበልኩት።

መነጽሩን አልያዘም። ወረቀቱን አራቀው፣ አቀረበው።

«ያን ቀን ታዲያ ለምን እንቢ አለ?»

«ማሽን ነዋ።»

«ስሙ ያው ነው አይደል?»

«ያው ነው» አልኩት። ሃያ ስምንት ዓመት በዚህ መስኮት ዋሽቼ አላውቅም።

ምስክሮቹን በእጁ ምልክት ሰጣቸው። «ይቅር፣ አያስፈልግም።» ያጥናችሁ ማመልከቻውን ለልጄ አባት ሲመልስ እጁ ይቸኩል ነበር። ፀጉር አስተካካዩ በመስኮቴ ሲያልፍ «መማሉ ከብዶኝ ነበር፣ እህቴ» አለኝ። ታዲያ ምን አመጣህ? ልለው አስቤ ዋጥኩት።

ሚስቱ ወረቀቱን ከባሏ እጅ ወሰደች። አየችው። ቆየች። ከዚያ እኔን አየችኝ። አጥፋ ቦርሳዋ ከተተችው።

ልጄ መዝገቡ ላይ አልሞተም። ይሄን አድርጌያለሁ፣ አልክድም። ግን የአርባ ቀን ሕፃን ኮፍያ ወሰድኩ። እያለቀሰ ቤት የገባውን ልጅ ያጽናናሁት እኔው ነኝ፤ ያቺን አስተማሪም እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳትም።

ዓርብ፣ ሰኔ 28
መዝገቡ ተዘጋ። ኻሊድ ሠላሳ ሰባት። ካሊድ ሠላሳ ስምንት።

በአንድ በለጠ። ያቺ አንዷ የማን እንደሆነች የምናውቀው እኔና አንዲት ሴት ነን።

«ትርጉሙስ፣ እትዬ?» አለ አለቃችን።

«የለውም ብዬህ ነበር።»

«ባዶ ልንለጥፍ ነው እንዴ? የሆነ ነገር ይጻፉበት እንጂ!»

«የፈለግኸውን ጻፍ። ያንተ ሰሌዳ ነው።»

ተቀይሞኝ ወጣ። ይቀየም።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 3
ማስታወቂያው ተለጥፏል። አንደኛ፦ ካሊድ። ትርጉም ከሚለው ፊት ለፊት «በመጣራት ላይ» ብሎበታል። ጎበዝ።

ከሰዓት በኋላ የልጄ አባት ሚስት መጣች። ሰሌዳው ፊት ቆማ ረጅም ጊዜ አነበበች። ከዚያ ወረፋ ሳትይዝ ወደ መስኮቴ ቀረበች፤ ሰልፈኛው ሲያጉረመርም ዞራም አላየች።

«አባቱ ጠዋት ጠዋት ይጠራዋል» አለችኝ። «እሱ ከነኮፍያው ነው የሚጠራው። ሕፃኑም አሁን አሁን ድምፁን ሲሰማ ይዞራል።»

«ደግ» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

«ሲያድግ፣ ወረቀቱን ሲያነብ፣ ስሜ ምን ማለት ነው ብሎ ቢጠይቀኝ ምን ልበለው?»

ምንም ማለት አይደለም በይው… ይሄ ነበር እውነቱ። አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

«ወንድሙ እንዳይሞት የተሰጠው ስም ነው በይው» አልኳት።

ሕፃኑን መስኮቱ ድረስ ከፍ አደረገችልኝ። ፊቱን እስከ ዛሬ አላየሁትም ነበር። አገጩ… የልጄ አገጭ ነው። ራሱ ላይ ሰማያዊ የሱፍ ኮፍያ አጥልቃለታለች፣ በዚህ የቆላ ወበቅ። ግንባሩ ላብ በላብ ሆኗል።

«አውልቂለት እንጂ፣ ልጄ፣ ታፈነ እኮ» አልኳት።

«አይወልቅም» አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ ነበረ።

መብቷ ነው።