በሙት ዓመት ስለተሰጡ ፈረሶችና ስለተከለከለ ቀለብ

ለሎንግ ድሮው ወረዳ የምግብ እርዳታ ጽሕፈት ቤት
ለተከበሩ አቶ ራስል ሄግ፣ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ
ኖቬምበር 4 ቀን 2019

ጉዳዩ፦ የአያቴ የወ/ሮ አልቪና ግራጫፈረስ የምግብ እርዳታ እንዲፈቀድላቸው ስለማመልከት

ክቡር ሆይ፣

1. አመልካች የወ/ሮ አልቪና የልጅ ልጅ ነኝ። ከትምህርት ጋር አሥረኛ ክፍል ላይ ተሰነባብተናል፤ ለአጻጻፌ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። ይህን የምጽፈው ቢሮዎ ኮሪደር ላይ ቆሜ ነው። ዘበኛው ሦስቴ ተቀመጥ ብሎኛል፤ አልቻልኩም። አያቴ ለመንግሥት ስትጽፍ እንዳትቀልድ ብለው አስምለውኛል። እሞክራለሁ።

2. ባለቤታቸው ሳይላስ ባለፈው ዓመት መስከረም አረፉ። በእኛ በላኮታ ጎሳ ዘንድ የሟች ቤት በሙት ዓመቱ ያለውን አውጥቶ ይሰጣል። ንብረቱን ለራሱ ያስቀረ ሰው ሟቹን አልወደደም ይባላል። አያቴም አራቱን ፈረሶች፣ ኮርቻውን፣ ፒክአፑን፣ ዓመቱን ሙሉ የሰፏቸውን ባለኮከብ ብርድ ልብሶች ሰጡ። የቤተሰባችን ስም ግራጫፈረስ ነው፤ ዛሬ ግራጫም ዳማም የለንም። ቤት የቀረነው ምድጃው፣ አልጋውና እኔ ነን። እኔንም የሚወስድ ስለጠፋ ነው።

3. የምንበላው ከውርንጭላ ሽያጭ ስለነበር በወሩ እርዳታ ጠየቅን። መልሱ «እርዳታ ለማግኘት ሲሉ ንብረታቸውን ለሌላ አስተላልፈዋል፤ ለአንድ ዓመት ታግደዋል» የሚል ነው። ክቡር ሆይ፣ የሙት ዓመቱን ቀን የቆረጠው ሞት ነው፤ አያቴ አይደሉም። ድሃ ለመምሰል ቢፈልጉ ኖሮ ማቀዝቀዣችንን ከፍተው ማሳየት ይበቃቸው ነበር።

4. ጸሐፊዎ ወ/ሪት ዶና ፈረሶቹን ለምን ሸጠው አልበሉም ብላ ጠየቀቻቸው። በቅንነት ነው፣ አልቀየምኳትም። አያቴ ቀስ ብለው፣

«ልጄ፣ ባሌን ሸጬ ልብላው?» አሏት።

ፋይሉ ላይ የተጻፈው ግን «አጥጋቢ ምክንያት አላቀረቡም» የሚል ነው።

5. ንብረቱ ከተመለሰ እገዳው ይነሳል ተብለናል። ይህን የሰማው መቃብር ቆፋሪው ቨርዴል የተሰጠችውን ዳማ ፈረስ እየሳበ መጣ። አያቴ ከደጅ መለሱት። «ፈረሷን የምትመልስ ከሆነ እሱንም ቆፍረህ መልስልኝ» አሉት። ሰውየው እስከ መንገዱ ድረስ ሲስቅም ሲያለቅስም ነበር። ሌላ ማንም ደግሞ አልሞከረም።

6. አሁን በረዶ ጀምሯል። አያቴ ስኳር አለባቸው። ጎረቤት የሚያመጣልን አለ፤ የጎረቤትም ድስት ግን ስስ ነው። ትናንት ሾርባው ላይ ውኃ ሲጨምሩ ያዝኳቸው። ሐኪሙ ውኃ አብዢ ብሎኛል አሉኝ። ሥጋውን ግን ለእኔ ሳህን ነው የሚያወጡት። እኔ በሰው ሁሉ የምስቀው ልጅ ያን ጊዜ መሳቂያ አጣሁ።

7. የመጨረሻውን ነጥብ እንዳልጽፍ ተከልክያለሁ፤ ስለዚህ በአጭሩ። በሙት ዓመቱ ዕለት እርስዎ በመኪና ሲያልፉ ሰው በዝቶ አይተው ቆሙ። ሾርባ ቀረበልዎ። አያቴ አያውቁዎትም ነበር፤ እንግዳ ባዶውን አይሄድም ብለው ብርድ ልብስ ትከሻዎ ላይ ጣሉ። ሰማያዊ ኮከብ ያለበት ነው። ዛሬ በሩ ሲከፈት ከወንበርዎ ጀርባ ላይ ተጥሎ አየሁት። ከተላለፈው ንብረት አንዱ እሱ ነው። ያን ዕለት እርዳታ ለማግኘት ሲሉ ሰጡኝ ብለው አስበው ነበር?

ስለዚህ እገዳው ተነሥቶ የአያቴ ቀለብ ከዚህ ወር ጀምሮ እንዲፈቀድላቸው በትሕትና አመለክታለሁ። ብርድ ልብሱ ይመለስ አላልኩም፤ ቢመልሱትም አያቴ አይቀበሉዎትም። ቢሮዎ ይበርዳል፤ ውሳኔውን ሲጽፉ ደርበውት ይጻፉ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣ አሁንም ኮሪደሩ ላይ እንደቆምኩ፣

ኤልሮይ ግራጫፈረስ
(ፊርማ)