ለአንድ ጉንጭ የተሠሩ እንጨቶች፦ የጋሽ ሚሊ የሕይወት ታሪክ

አጎታችን ጋሽ ሚሊ ከግንበኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በመጋቢት ወር 1946 ዓ.ም. ከባቡር ጣቢያው ጀርባ በሚገኝ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ሦስተኛ ልጅ ነበሩ። በልጅነታቸው የእናታቸውን ሜትር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው የቤቱን ዕቃ ሁሉ፣ የተኛችውን ድመት ሳይቀር፣ ይለኩ እንደነበር ታላቅ እህታቸው ይናገራሉ።

በሰፈራቸው ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ በ1961 ዓ.ም. በአንድ የቤት ዕቃ መሥሪያ ድርጅት በአናጢነት ተቀጠሩ። ሥራቸው የወንበር እግር ማዘጋጀት ነበር። ባልደረቦቻቸው አለቀ ብለው የሚያመጡላቸውን ሁሉ በጣታቸው ዳበስ አድርገው «አንድ ሚሊ ይቀረዋል» ስለሚሉ ሚሊ የሚለው ስም ወጣላቸው። ስሙ ከመሥሪያ ቤት ወደ ሰፈር፣ ከሰፈርም ወደ ቤት ገብቶ በዚያው ቀረ።

በ1970 ዓ.ም. የአንድ ስፖርት ክበብ አግዳሚ ወንበሮችን እንዲጠግኑ ተላኩ። በአዳራሹ ውስጥ በአየር ጠመንጃ ዒላማ መተኮስ የሚለማመዱ ሰዎች ነበሩ። ከእነሱ መካከል አንዲት አንገተ ረጅም የስልክ ኦፕሬተር ጉንጫቸውን ሰደፉ ላይ ለማሳረፍ በጣም አጎንብሰው ሲያነጣጥሩ፣ ተኩሰው ሲጨርሱም ማጅራታቸውን ሲያሹ አዩ። ጋሽ ሚሊ ዓይን አፋር ስለነበሩ ያን ቀን አንዱኑ አግዳሚ ሲጠግኑ ዋሉ። ሊወጡ ሲሉ ግን ጠጋ ብለው፣ «እህቴ፣ አንቺ አታጎንብሺ፤ እንጨቱ ወደ ላንቺ ይነሣ» አሏቸው።

በሳምንቱ መለኪያቸውን ይዘው ተመለሱና የኦፕሬተሯን ጉንጭ ለኩ። ከዚያም ከወንበር እግር ትራፊ ሰደፉ ላይ የሚገጠም የጉንጭ ማሳረፊያ ጠርበው፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው አመጡ። ኦፕሬተሯ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብለው ተኮሱ። የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቻቸው ግን አልማሯቸውም፤ «ደብዳቤ ሳይልክ ጉንጭ የለካ» እያሉ ለዓመታት ሲስቁባቸው ኖረዋል። በ1973 ዓ.ም. ሁለቱ ተጋቡ። ሴት ልጃቸው በ1975፣ ወንድ ልጃቸው በ1979 ዓ.ም. ተወለዱ።

የሰው ፊት እንደ ወንበር እግር አንዴ ተለክቶ የሚቀር አይደለም። ባለቤታቸው በእርግዝና ጊዜ ፊታቸው ሲሞላ እንጨቱ ተፋቀ፤ ልጅ እያጠቡ ሲከሱ ደግሞ አዲስ ተሠራ። አንድ ጊዜ ውድድር ሊደርስ ሲል ጥርሳቸውን አሟቸው ጉንጫቸው አበጠ። ጋሽ ሚሊ ለዚያ እብጠት ብቻ የሚሆን ሠሩ፤ ባለቤታቸውም በእሱ ተኩሰው ሁለተኛ ወጡ። ያገለገሉት እንጨቶች ሁሉ ሳሎን ውስጥ ካለው ሬዲዮ በላይ ተደርድረዋል። ለማያውቅ እንግዳ የጫማ ተረከዝ ይመስሉታል፤ ለሚያውቅ ግን የአንድ ሴት ፊት ከወጣትነት እስከ እርጅና ነው።

ለሌሎችም የክበቡ አባላት ሠርተዋል። አንድ ግራኝ ታክሲ ነጂ እስካሁን የሚተኩሱት እሳቸው በጠረቡት ሰደፍ ነው። ሁሉም ግን አልተሳካላቸውም። አንድ ጊዜ ለጠመንጃው ማነጣጠሪያ የብርሃን መከለያ እንዲሆን የእናታቸውን የድስት ክዳን ጫፍ ቆርጠው ወሰዱ፤ መከለያውም አልገጠመ፣ ድስቱም አልተከደነ። እናታቸው፣ «አንተ ልጅ፣ የቀረውን ክዳን መቼ ነው የምትተኩሰው?» ብለው ጠየቋቸው።

በ2006 ዓ.ም. በጡረታ ተገለሉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዓይናቸው እየፈዘዘ ሄደ፣ ኩላሊታቸውም ታመመ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የባለቤታቸው አንገት ደርቆ ሐኪም እንዳያጎነብሱ አስጠነቀቃቸው። ልጆቻቸው ጠመንጃው ይሰቀል አሉ። ጋሽ ሚሊ ግን ካልጋቸው ተነሥተው፣ ተደግፈው፣ ከሚቀመጡበት ወንበር አንዱን እግር አስፈቱና ሥራ ጀመሩ። የመለኪያውን ቁጥር ማንበብ ስለማይችሉ የባለቤታቸውን ጉንጭ በአውራ ጣታቸው እየለኩ ሠሩ። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ስለነበር ሥራው ወራት ፈጀ። ያ እንጨት ሳያልቅ መሞት አልፈለጉም፤ ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ሲያልቅ ባለቤታቸው ወደ ክበቡ ወስደው ተኮሱበት። ማታ የዒላማውን ወረቀት እስከ አልጋው አምጥተው በእጃቸው አስያዟቸው። ጋሽ ሚሊ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ዳሰሱ። ተቀራርበው ነበር። ፈገግ ብለው፣ «አንድ ሚሊ ወደ ግራ ሄዷል። እሱ ግን ከእንጨቱ አይደለም፤ ያንቺ ነው» አሉ።

ባለቤታቸውም፣ «አዎ፣ የኔ ነው» አሏቸው።

በማግሥቱ የባለቤታቸው አንገት አልዞር ሲላቸው ጋሽ ሚሊ ምን ሆንሽ ብለው ጠየቋቸው። አተኛኘቴ ነው ብለው መለሱ። ጋሽ ሚሊም እጃቸውን ዘርግተው ማጅራታቸውን አሹላቸው።

ጋሽ ሚሊ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ70 ዓመታቸው በመኖሪያ ቤታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሴት ልጃቸውንና ወንድ ልጃቸውን፣ አራት የልጅ ልጆችን፣ ታላቅ እህታቸውንና እኛን የእህት ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። አንድ እግር የጎደለው ወንበርም እንደቆመ፣ ግድግዳ ተደግፎ፣ አለ።

ባለቤታቸው እስካሁን ለማንም ያልነገሩትን ዛሬ በዚህ እንዲነበብ አዘዋል፤ ከእንግዲህ ጋሽ ሚሊን አያሳዝናቸውምና። የመጨረሻው እንጨት ዝቅ ብሎ፣ ወደ አንድ ጎንም አዘንብሎ ነበር። አልተነሣም። ያን ቀን ያጎነበሱት ባለቤታቸው ናቸው።

ፈጣሪ የጋሽ ሚሊን ነፍስ ማንም አንገቱን በማያጎነብስበት ሥፍራ ያሳርፍልን። ለባለቤታቸው ብርታቱን፣ ለሁላችንም መጽናናቱን ይስጠን። አሜን።