የአባዬ ግራ እግር

ታስኮ፣ ማክሰኞ ኦክቶበር 14 ቀን 1997

ውድ እማዬ፣

እንዴት ነሽ? የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሙቀቱ ቀነሰልሽ? እጅሽስ ተሻለው? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ያልኩት ግን ሌላውን እንዴት እንደምጀምረው ስላላወቅሁ ነው። ይህን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ።

ባለፈው ወር የአባዬ ጉልበት እየዳነ ነው ብዬ ጽፌልሽ ነበር። አልዳነም።

በሰሞነ ሕማማት ሰልፍ የቅዱሱን ምስል ተሸክሞ የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ከወደቀ ወዲህ ግራ እግሩ የፍሪሲዮኑን ፔዳል ከግማሽ በላይ አይረግጥም። ማርሹ እየጮኸ አልገባ ይለው ነበር። አንቺ ስትሄጂ፣ በኖቬምበር መጀመሪያ እስከሚውለው የሙታን ቀን ካልተሻለው ታክሲ የሚሠራባትን ቮልስ ለአጎቴ ይስጥና ቤት ይቀመጥ አልሽ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን ምሳውን ሳይነካው ያነሳ ነበር።

መካኒኩ ዶን ናቦር ገመዱን ሲያስተካክል አይቼ አውቃለሁ። በኋላው ግራ ጎማ በኩል ከሥር ስትገቢ፣ የፍሪሲዮኑ ገመድ ጫፍ ላይ ባለ ሁለት ክንፍ ዳዶ አለ። ሲጠብቅ ፔዳሉ ትንሽ ተረግጦ ይሠራል። አባዬ ጠዋት ጢሙን ሲላጭ ገባሁና የገመዱን ጫፍ በፒንሳ ይዤ ግማሽ ዙር አጠበቅሁት። በማግስቱም ግማሽ ዙር። በአራተኛው ቀን ማርሹ ድምፅ ሳያሰማ ገባ። አባዬ መሪውን መታና፣ አየሽ ልጄ፣ እግሬ መጣ አለኝ። ጎረቤታችን ዶኛ ኤዱቪሄስ ከኋላ ሆና፣ ዘንድሮ ለጭፈራ ልትወጣ ነው እንዴ አለችው። አንቺ ብቻ ቀሚስሽን አስተኩሺ አላት። ምሳውንም መብላት ጀመረ። ስለዚህ አላቆምኩም።

ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ የኋላውን ግራ ጎማ ድንጋይ ላይ አውጥቶ ነው የሚያቆመው። ለጎርፉ ነው ይላል። ዝናቡ ካቆመ ሰንብቷል። ለእኔ መግቢያው ሰፋልኝ።

ትናንት ዶኛ ኤዱቪሄስንና ሁለት የልጅ ልጆቿን ይዘን የጓዳሉፔን ዳገት ስንወጣ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው አይሄድም። የተቃጠለ ነገር ሸተተን። ከዚያ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመርን። አባዬ በእጅ ፍሬን ያዛት፤ ከኋላችን ካለው ግንብ ጋር ልንጋጭ አንድ ክንድ ያህል ቀርቶን ነበር። ዶኛ ኤዱቪሄስ፣ ቤተ ክርስቲያን አድርሰኝ አልኩህ እንጂ መቃብር አልኩህ እንዴ አለችው። ልጆቹ ሳቁ። አባዬ አልሳቀም።

ከዚያ ወደ መካኒኩ ወሰድናት። ዶን ናቦር ፔዳሉን በእጁ ጫን አድርጎ፣ ማን ነው እንዲህ ያጠበቀው? መጀመሪያ ሁለት ጣት ያህል ባዶውን መሄድ አለበት፤ እንዲህ ከነዳችሁት ዲስኩ ያልቅና አንድ ቀን ሰው ይዛችሁ ትወርዳላችሁ አለ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። አባዬ፣ እኔ ነኝ ያጠበቅሁት፣ ቤት ሄደን እናላላዋለን አለው። በዚያ ጉልበቱ መኪና ሥር መግባት እንደማይችል ዶን ናቦርም ያውቃል።

እማዬ፣ ድንግል ማርያም እጅሽን ትማርልሽ። በመንገድሽ ሁሉ አትለይሽ።

ዛሬም መኪናው ድንጋዩ ላይ ቆሟል። ከሥሩ ንጹሕ ካርቶን ተነጥፏል፤ እኔ አላነጠፍኩትም።

ነገ እስኪላጭ አልጠብቅም። እሱ አጠገቤ ቆሞ እያየ ዳዶውን አላላዋለሁ። ከዚያ ፔዳሉን እስከ ታች እንዲረግጠው እጠይቀዋለሁ። ካልቻለ ለአጎቴ የምደውለው እኔ ነኝ።

ልጅሽ