የሎሬንዝ ኪስትለር ምድጃና ሠላሳ ሰባቱ ክዳኖች

ወንድሜ አቶ ሎሬንዝ ኪስትለር ከአባታቸው ከአቶ ዩስትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሳቢና በፔንሲልቫንያ፣ ኦሌይ ሸለቆ በ1786 ተወለዱ። ከቄሳችን ዘንድ ፊደል ቆጥረው በአሥራ አራት ዓመታቸው ብረት ማቅለጫው ገቡ። በ1811 ወይዘሮ ባርባራን አግብተው ሊዮንሃርትን ወለዱ።

ያኔ እሳት ዳር የተቀመጠ ሰው ፊቱ እየተለበለበ ጀርባው ይንቀጠቀጥ ነበር። እንጨት የሚፈጀውማ አይወራ! ወንድሜ በ1826 ዙሪያውን የተዘጋ የብረት ምድጃ ሠሩ። በጭስ ማውጫው አንገት ላይ፣ ሲያዞሯት ሙቀቱን ቤት ውስጥ የምታስቀር ክዳን አደረጉበት። ሀገር ጉድ አለ። ሠላሳ ሰባት ቤት ገባ።

በ1829 ክረምት ወይዘሮ ባርባራ ፍሙ ሳይከስም ክዳኗን ጥርቅም አድርገው ከሰዓት በኋላ ጋደም አሉ። አልተነሡም። ወንድሜ የገዛ ምድጃዬ ገደላት ብለው አለቀሱ፤ ከዚያ ወዲህ ሲስቁ አላየኋቸውም።

ጭሱ መውጫ እንዲያገኝ የብረት መጋዝ ይዘው ቤት ለቤት እየዞሩ ከየክዳኑ ጠርዝ ጣት የምታሾልክ ያህል ቆረጡ። «ሎሬንዝ፣ ደግሞ እኛን በብርድ ልትፈጀን ነው?» ያላቸው ሰው እዚሁ ለቀስተኛው መካከል ተቀምጧል፤ ራሱን ያውቃል። እሳቸው ግን ሳይቀየሙ ተመላልሰው ሠላሳ ስድስቱን ቆረጡ።

የቀረችው የእኔ የታናሽ እህታቸው የአፖሎኒያ ናት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ጋሼ፣ የእኔን ተዉልኝ» እያልሁ መለስኋቸው። ባለፈው ወር በዚያ በረዶ በእግራቸው መጡ። በሩን ሳልከፍት በመስኮት «ጋሼ፣ ሙቀቴን አልሰጥም!» ብዬ ሳቅሁ። መስሎኝ ነው እንጂ ቀልድ አልነበረም። መጋዛቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ተመለሱ። በዚያው የሳንባ ምች ጣላቸው።

አልጋ ላይ ሆነው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ «አፖሎኒያ፣ አስቆረጥሻት?»

«አዎ፣ ጋሼ» አልኋቸው። ዋሸሁ።

«ተመስገን። እንግዲያ ልተኛ» አሉኝ። ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1838 ዐረፉ።

ከኋላቸው ልጃቸው ሊዮንሃርት፣ አንዲት የልጅ ልጅና እኔ ቀርተናል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከባርባራ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለእኔም ልቦና ይስጠኝ። ከመቃብር መልስ ለቀስተኛው የሚቀመጠው እኔ ቤት ነው፤ ምድጃው ከጠዋት ጀምሮ እየነደደ ነው። ሊዮንሃርት ልጄ፣ አንተ መጋዙን ይዘህ ቅደም።