በስምህ የሠራሁት ሃያ ሦስት ዓመት

ይድረስ ለማከብርህና ለምወድህ ወንድሜ ለአያ መልካሙ ፋንታሁን፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናህ እንዴት ነው? ዝናብ ሲጀምር የሚነሳብህ የጉልበት ሕመም ተሻለህ ወይ? እትዬ ሰርካለምስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? የሐዋሳው ሙቀትስ በረድ አለላችሁ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በአካል ደኅና ነን። እምዬም አምባ ጊዮርጊስ ሸጋ ናት፤ ድንቹን ተክላ መጨረሷን በሰው ልካልኛለች።

እኔ ግን፣ አያ፣ ውስጤ ሰላም የለውም። ልነግርህ ሁለት ጊዜ ደውዬ፣ ድምፅህን ስሰማ ስለ ዝናቡ አውርቼ ዘጋሁት። ስለዚህ መጻፍ ይሻለኛል አልኩ።

የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ካርድህን የሰጠኸኝን ቀን ታስታውሳለህ? አንተ መምህር ሆነህ ለዕረፍት መጥተህ ነበር፤ እኔ ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ሥራ ፍለጋ እንከራተታለሁ። «ውሰደው፤ ለእኔ ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል» አልኸኝ። ፎቶው ስለደበዘዘ የልጁ ፊት አንተንም እኔንም ይመስል ነበር። በዚያ ካርድ አዘዞ ዱቄት ፋብሪካ ተቀጠርኩ። ይኸው ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ከፋብሪካው በር ስገባ መልካሙ፣ ስወጣ ምንይችል ነኝ። የምስጋና ወረቀትም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤም የተጻፈልኝ በስምህ ነው።

ግንቦት ላይ የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊዋ ወይዘሮ እጅጋየሁ አስጠራችኝና «አቶ መልካሙ፣ ስድሳ ዓመት ሞላዎት፤ በሰኔ መጨረሻ ጡረታ ይወጣሉ። እንኳን ደስ ያለዎት» አለችኝ። ስድሳ የሞላህ አንተ ነህ፤ እኔ ገና ሃምሳ አራት ነኝ፤ ልጄ ጸሎትም አሥረኛ ክፍል ናት። ከደሞዜ በየወሩ ሲቆረጥ፣ ድርጅቱም ሲጨምርበት የኖረው መዋጮ ከእንግዲህ በየወሩ ጡረታ ሆኖ እንደሚከፈለኝ፣ ብሞትም ለሚስቴና ለልጄ እንደሚተርፍ አስረድታ የሚሞላ ቅጽ ሰጠችኝ። የፋይዳ ቁጥሬንም አምጣ ተባልኩ። ፋይዳው ላይ ያለው ደግሞ የራሴ ስም ነው።

ፋብሪካው ውስጥ ምስጢሬን የሚያውቀው የሥራ ባልደረባዬ ጌትነት ብቻ ነበር። እሱም «ምነው ትጨነቃለህ? ወንድምህን አስመጣና በመታወቂያው ፈርሞ ያውጣልህ፤ በየወሩ ይልክልሃል» አለኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ ሳምንት ሙሉ ይህንኑ ሳስብ ሰነበትኩ፤ እንደማትከለክለኝም አውቃለሁ። ቅጹን ልሞላ ተቀምጬ «የትዳር ጓደኛ ስም» ከሚለው ስደርስ እጄ ቆመ። የመልካሙ ፋንታሁን ሚስት እትዬ ሰርካለም ናት። የእኔ አበቡ በዚያ ወረቀት ላይ የማንም ሚስት አይደለችም፤ እኔ ብሞት ባዶ እጇን ነው የምትቀረው። ከዚያ ደግሞ አንተን አሰብኩ። አንተም ዘንድሮ ጡረታ ወጪ ነህ። አንድ ስም፣ አንድ የልደት ዘመን፣ ሁለት መሥሪያ ቤት! በእኔ ምክንያት የስንት ዓመት ድካምህን ቢያግዱብህስ?

ባለፈው ሐሙስ ገብቼ ለወይዘሮ እጅጋየሁ ሁሉንም ነገርኳት። መጀመሪያ የምቀልድ መሰላት። ከዚያ ተነስታ በሩን ዘጋችና «ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት የፈረመው ማነው?» አለች። «እጁ የእኔ ነው፤ ስሙ የወንድሜ ነው» አልኳት። እሷም «እኔ ይህን ከሥራ አስኪያጁ ልደብቅ አልችልም» አለችኝ። ልወጣ ስል «አቶ ምንይችል!» ብላ ተጣራች፤ እኔ ግን ማንን እንደጠራች ለማየት ግራ ቀኜን ተመለከትኩ።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁና የሕግ ባለሙያው አስቀምጠው ጠየቁኝ። ለጊዜው ከሥራ ታግጃለሁ። በማታለል ሊከሱኝ ይችላሉ፤ የሠራሁት እኔ መሆኔ ከተረጋገጠ ደግሞ መዝገቡ በስሜ እንዲዛወር ለጡረታው መሥሪያ ቤት ይጽፉልኛል፤ መሥሪያ ቤቱ ይቀበል አይቀበል ግን እነሱም አያውቁም። ጌትነት ለራሱ ሳይፈራ ቀርቦ መስክሮልኛል።

አሁን የሚፈልጉት የአንተን ቃል ነው። ፋብሪካው ውስጥ ሠርተህ እንደማታውቅና ካርዱን ወደህ እንደሰጠኸኝ ውልና ማስረጃ ቀርበህ እንድትፈርም ይላሉ። አያ፣ ይህችን ደጋግመህ አንብባት። አልሠራሁም ብቻ ብትል አንተ ነፃ ነህ፤ እኔ ግን ካርድ ሰርቆ የተቀጠረ ሰው እሆናለሁ። ሰጥቼዋለሁ ካልክ እኔን ታድነኛለህ፤ አንተን ደግሞ ለምን ሰጠህ ብለው ይጠይቁሃል። ስለዚህ አትቸኩል፤ ከእትዬ ሰርካለም ጋር ተማከር፤ የራስህ ጡረታ አስቀድሞ ይለቀቅልህ። አልፈርምም ብትል አልቀየምህም። ሳላማክርህ ምስጢራችንን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ይቅር በለኝ።

እምዬ ምንም አልሰማችም፤ ስትደውልላት እንዳያመልጥህ። አበቡ «አያ እንዳይታመምብን፣ ብዙ አታስጨንቀው» እያለች ናት፤ እኔ ግን ሌላ የምጽፍለት ሰው የለኝም። ጸሎት በጣም ናፍቃችኋታል። ለእትዬ ሰርካለም ከወገብ ዝቅ ብዬ ሰላምታዬን አቀርባለሁ፤ ልጆቹን ፍሬንና ቤዚን ሳምልኝ። መልስህ እሺም ይሁን እንቢ፣ ብቻ ዝም አትበለኝ።

ታናሽ ወንድምህ
ምንይችል ፋንታሁን
አዘዞ፣ ጎንደር
ሰኔ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.